ሰፈሬ ሳይፈርስ ልድረስ ወይስ ውክልና ልላክ?

የካዛንቺስ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ምክር የምሻበት ጉዳይ ገጥሞኛልና ዘርዘር አድርጌ ስጽፍ ታግሳችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ የተወለድንበት የካዛንቺስ ግቢ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሊፈርስ መሆኑን፣ ከወረዳ የመጡ ሰዎችም ቤቱን ለክተውና በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው መሄዳቸውን ነገረችኝ። የቤቱ ካርታ እስካሁን በ2009 ዓ.ም. ባረፈችው እናታችን ስም ነው። ወራሾቹ ሁለታችን ብቻ ስለሆንን፣ እህቴ «ወይ ነይ፣ ወይ ደግሞ ብቻዬን ልጨርሰው ውክልና ላኪልኝ፤ ጊዜ የለንም» ትላለች። እኔ የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ሲሆን ከሁለት ሳምንት የበለጠ ፈቃድ አላገኝም። የቢጫ ካርዴም፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬ፣ የአገልግሎት ጊዜው አልፏል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ውክልናውን ልኬ እገላገል ነበር። አባታችን በዚያ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤቶች ሠርቶ በአንዱ እኛ እየኖርን ሁለቱን ያከራይ ነበር። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ሁለቱ ቤቶች ለቀበሌ ሆኑ፤ ተከራዮቹ ግን እዚያው ቀሩ። ከነሱ አንዷ አንድ ወንድ ልጅ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ልጅዋ በ1969 አብዮት ጠባቂ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። በሚያዝያ ወር አንድ ሌሊት ሊወስዱት ሲመጡ በሩን አልሰበሩም። የጎረቤታችን ልጅ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ወንድሜን በቤት ስሙ ጠራው፤ ድምፁ የምናውቀው ድምፅ ስለነበረ ወንድሜ በገዛ እጁ መቀርቀሪያውን አንስቶ ከፈተለት።

ለስምንት ቀን ስንቅ አመላለስን። በዘጠነኛው ቀን እናቴ የላከችው ምሳ ዕቃ ክዳኑ ሳይነካ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ማልቀስም ጥቁር መልበስም ክልክል ነበርና፣ እናቴ የወንድሜን ውኃ ሰማያዊ ሸሚዝ በየቅዳሜው እያጠበች ከቤታችን ግድግዳ ተነሥቶ እስከዚያ ሰው በር ድረስ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ታሰጣው ጀመር። ደርግ እስከወደቀበት እስከ 1983 ድረስ አንድ ቅዳሜ አላቋረጠችም። በመጨረሻ ከሸሚዙ የቀረው ኮሌታውና አንድ እጅጌው ነበር።

ያ ሰው ዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ኩላሊቱን ታሟል። እናቱ ካረፈች በኋላም የኖረው በዚያው ቤት ነው። ለእህቴ «ታላቅሽ ትመጣለች ወይ? ሳንበታተን የምነግራት ነገር አለኝ» ብሏታል። እኔ ከሀገር ከወጣሁ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሆነኝ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ እህቴን ሆቴል አስመጥቼ አገኘኋት እንጂ የግቢውን በር አልረገጥኩም። እንግዲህ አሁን ካልሄድኩ የምሄድበት ግቢ አይኖርም። ውክልና ልላክ ወይስ ልሂድ? ብሄድስ በሁለት ሳምንት ምኑን ከምን አደርገዋለሁ?

ባለ ሰነዱ (አሌክሳንድሪያ)፦

እህቴ፣ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እኔ በማውቀው በኩል ልመልስ። የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ከሆነ በኢትዮጵያ ሕግ የውጭ ዜጋ ነዎት፤ ምክንያቱም የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነትን አይፈቅድም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 መሠረት ደግሞ የውጭ ዜጋ በልዩ ሕግ ካልተፈቀደለት በቀር በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት ሊሆን አይችልም። ይህንን ክልከላ የሚያነሣልዎት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ ነው። ስለዚህ ካርዱን የመግቢያ ወረቀት ብቻ አድርገው አይዩት፤ በእናትዎ ቤት ላይ ያለዎት መብት ከሱ ጋር የተያያዘ ነውና ዛሬውኑ የእድሳት ማመልከቻ ያስገቡ። ሳይደርስልዎት ቢቀር በኢንተርኔት ቪዛ አውጥተው መግባት ይችላሉ። የአሜሪካ ፓስፖርትዎ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑንም ያረጋግጡ።

ካርታው በሟች ስም ከሆነ ከሁሉ የሚቀድመው ከከተማው ፍርድ ቤት የሚሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። ያለሱ ወረዳው ካሣም ሆነ ምትክ ቦታ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። እህትዎ ዛሬ ማመልከት ትችላለች፤ ለዚህ የእርስዎን መምጣት መጠበቅ የለባትም።

ስለ ውክልናው በብዙዎቻችን ላይ የደረሰ ስሕተት አለ። «ማናቸውንም ጉዳዬን ትፈጽምልኝ» ተብሎ የሚጻፍ ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ለመሸጥ፣ ለመታረቅ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከሰስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ካሣ መቀበል፣ ምትክ ቦታ መረከብ፣ ቅሬታ ማቅረብ፣ ይግባኝ ማለት እያለ እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ተጠርቶ ይጻፍ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። ዋናውን ቅጂ በሚታመን መንገደኛ ይላኩት፤ በስልክ ፎቶ የተላከውን ማንም አይቀበልላትም።

በሁለቱ የቀበሌ ቤቶች የሚኖሩት የተለየ መስመር አላቸው። ተከራይ በመሆናቸው የሚነገራቸው ስለ ካሣ ሳይሆን ስለ ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ነው። ይህን የምጽፈው የእነሱ ጉዳይ ከእናንተ ጉዳይ ጋር እንዳይደባለቅ ነው።

የዶሮ ማነቂያ ልጅ (ፍራንክፈርት)፦

እህት ዓለም፣ እኔ አልደረስኩም። የኛ ሰፈር በመጋቢት 2016 ሲፈርስ «ለፋሲካ እሄዳለሁ» ብዬ ቲኬቱን አስተላለፍኩ። በግንቦት ስደርስ ከአፍንጮ በር በኩል እስከ ጊዮርጊስ ድረስ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድበታለሁ ብዬ የማምንበት ቦታ ላይ ቆሜ በራችን የት እንደነበረ ማወቅ አቃተኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደወል እስኪደወል ጠበቅኩ፤ ልጅ ሆኜ ከአልጋዬ ላይ ደወሉን በግራ ጆሮዬ እንደምሰማው ትዝ ስላለኝ፣ ያንን አስቤ አካሌን አዙሬ «በዚህ አካባቢ ይሆናል» ብዬ ቆምኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት አልፋ ስትሄድ አይታኝ አለቀሰች፤ እኔም ከሷ ጋር አለቀስኩ።

ስለ ሰውየው ምንም አልልም፤ ቁስሉ ያንቺ ነው። ግን ለዐይንሽ ስትይ ሂጂ።

ልጅ አሳዳጊ (ዱባይ)፦

እናንተ ስለ ቤት ትጽፋላችሁ፤ እኔም የእናቴን ነገር ልጨምር። እናቴ የምትኖረው እዚያው ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት ነበር። አሁን በከተማው ዳር ገላን ጉራ በሚባል ሰፈር ቤት ተሰጥቷታል። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ከበፊቱ ይሻላል፤ መጸዳጃው ቤት ውስጥ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም። እናቴ ግን ጠዋት ቡና አፍልታ የምትጠራው ሰው የላትም። በየወሩ የምልክላት ገንዘብ ድሮ ለጤፍና ለዘይት ይበቃት ነበር፤ አሁን ግማሹ የሚያልቀው ወደ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ሐኪሟ፣ ወደ ቀሩት ወዳጆቿ ለመመላለስ በትራንስፖርት ነው። ስለዚህ የምልከውን ጨምሬያለሁ፤ ለዚህም ስል ለሦስተኛ ጊዜ ኮንትራቴን አድሻለሁ።

የእድራቸው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሃምሳ ዓመት የተዋጣበት ንብረት ነው። አባላቱ በአራት አቅጣጫ ሲሄዱ ማን ጋ ይቀመጥ? አንድ ሰው ቢሞት ማን ደርሶ ድንኳን ይተክላል? እናቴ በስልክ የምታወራኝ ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለዚህ ነው። እትዬ፣ እህትዎን ከጎረቤቶቿ ጋር በአንድ አካባቢ እንዲመድቧት ጠይቁላት እላለሁ፤ ምንም እንኳ ከጎረቤቶቿ አንዱ እሱ ቢሆንም።

እውነት ትነገር (ዴንቨር)፦

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አሳዝኖኛል። አንዲት ሴት የወንድሟን ገዳይ ጎረቤት አድርጋ ታስቀጥል ዘንድ መምከር ምን ማለት ነው? ኮሎኔል መንግሥቱ እንኳ በታኅሣሥ 1999 በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው በሌለበት ነው፤ እስከ ዛሬም የሚኖረው ሐራሬ ነው። ከላይ የነበሩት ትልልቆቹ እንዲህ ከሆኑ፣ በየቀበሌው ጠመንጃ ይዘው በየመስኮቱ የተጣሩት ትንንሾቹ በሕግ ፊት የቆሙት ስንቶቹ ናቸው? አብዛኞቹ እዚያው ሰፈራቸው አርጅተዋል።

ቢሆንም፣ እህቴ፣ ሂጂ እላለሁ። ይቅርታውን ለመስማት ሳይሆን አንድ ነገር ለመጠየቅ፦ የት ቀበራችሁት? ልዩ ዐቃቤ ሕግ በተቋቋመበት ዘመን ከአርጀንቲና ድረስ የአስከሬን ምርመራ ባለሙያዎች መጥተው የጅምላ መቃብሮች ተከፍተዋል፤ አጥንታቸው የተገኘ ሰዎች በክብር ተቀብረዋል። ያንቺ ወንድም የት እንዳለ ከዚያ ሰው በስተቀር የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው ላይኖር ይችላል። እሱ ከሞተ መልሱም አብሮት ይሞታል።

ዝምታ (ሚኒያፖሊስ)፦

እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔ የአብዮት ጠባቂ ልጅ ነኝ። አባቴ በሌላ ሰፈር በዚያው ዓመት ጠመንጃ የያዘ ሰው ነበር። ልጅ ሆኜ ለምን የሠፈራችን እናቶች ቡና ሲጠሩ እናቴን እንደሚዘልሏት አይገባኝም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነገረችኝ። ቤት ገብቼ ጠየቅኩት። አባቴ አልካደም፤ አልመለሰልኝምም። ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣና እስኪመሽ ድረስ አልተመለሰም። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ዐይኔን ትኩር ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

ላስተባብልለት አልመጣሁም። ግን አባቴ «የምነግራት ነገር አለኝ» ብሎ ማንንም ሳይጠራ ሞተ፤ እኔም ማን ዘንድ ሄጄ ይቅርታ እንደምጠይቅ ሳላውቅ ቀረሁ። እርስዎ ግን ተጠርተዋል።

እውነት ትነገር (ዴንቨር)፦

እህቴ፣ ያንቺ ኀዘን ይገባኛል፤ የአባትሽ ዝምታ ግን የሟች ቤተሰብ ዕዳ አይደለም። የበደለ ሰው ሲጠራ ተበዳይ እየሮጠ የሚሄድበት ሥርዓት የለንም። በባህላችን እንኳ ገዳይ ሽማግሌ ልኮ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ በተበዳይ ደጅ ወድቆ ነው የሚለምነው።

የአባቱ ልጅ (ቶሮንቶ)፦

ስለ ፍትሕ ከተነሣ ሁሉንም እንናገር። የኔ አባት የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበረ፤ በ1969 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በከተማ ታጣቂዎች በጥይት ተመትቶ ሞተ። ማንንም አልገደለም፤ የስኳርና የሳሙና ኩፖን ነበር የሚያድለው። የዚያ ዓመት ደም የጀመረው በሚያዝያ አይደለም። መስከረም ላይ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፤ ከዚያም በየቀበሌው ሰዎች ተመርጠው ተገድለዋል። ለአባቴ ፎቶ የሚሰቀልበት ሙዚየም የለም።

እውነት ትነገር (ዴንቨር)፦

ወንድሜ፣ አባትህ በግፍ ከተገደለ ነፍሱን ይማር፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። ነገር ግን መንግሥት በአደባባይ ደም የመሰለ ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ ሰብሮ «ቀይ ሽብር ይፋፋም» ብሎ ማወጁን፣ በሚያዝያ 21 ቀን 1969 ሌሊት ብቻ ስንት ተማሪ እንደወደቀ፣ ወላጅ የልጁን ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ እንደነበረ እያወቅን፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም።

የአባቱ ልጅ (ቶሮንቶ)፦

በአንድ ሚዛን አላስቀመጥኩም። እናቴም ግን ሚዛን አላነሣችም፤ አምስት ልጅ ይዛ ቀረች። «ማን ጀመረ» የሚለውን ጥያቄ እናንተ ስታነሡት ታሪክ፣ እኛ ስናነሣው ማምታቻ የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

የካዛንቺስ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። የቶሮንቶው ወንድሜ፣ አባትህን እግዚአብሔር በአጸደ ገነት ያኑርልህ፤ ያንተን እናት ከኔ እናት አልለይም። የሚኒያፖሊሷ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ያ ሰው ታስሮ ነበር፤ እናቴም ለምስክርነት ተጠራች። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች፤ የተጠየቀችውን ሁሉ ተናገረች፤ «በመስኮቱ በኩል የጠራው ማን ነበር?» ሲሏት ግን «ጨለማ ነበር» አለች። ጨለማ አልነበረም፤ የግቢው አምፖል በርቶ ነበር። ቤት ስትመለስ እኔ ጮኽኩባት፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። «ወንድሜን ሁለተኛ ገደልሽው» አልኳት። እሷ ነጠላዋን እያጠፈች «የሷን ልጅ ብወስድባት የኔ ይመለሳል?» ብላ ዝም አለች። ያን ስምንት ቀን ስንቁን ይዛ በሌሊት ወደ ቀበሌው ትሄድ የነበረችው የሰውየው እናት እንደነበረች የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። የእኛን ሰው ከበር ይመልሱት ነበር፤ እሷን ግን የአብዮት ጠባቂ እናት ስለሆነች ያሳልፏት ነበር። ያልተነካውን ምሳ ዕቃ መልሳ ያመጣችልንም እሷ ናት።

በዚያው ዓመት ከሀገር ወጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «በፖለቲካ ምክንያት» እላለሁ። እውነቱ ግን እናቴን በዐይኗ ማየት ስላቃተኝ ነው። ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ሁለቱን ጊዜ እናቴ በሕይወት ነበረች፤ እሷንም ሆቴል ድረስ ነው ያስመጣኋት። ግቢውን የምሸሸው በሰውየው ምክንያት ብቻ እየመሰለኝ ኖሬያለሁ።

ባለ ሰነዱ (አሌክሳንድሪያ)፦

እህቴ፣ ክርክሩ በዚህ ቢቆም ደስ ይለኛል። ቀኑ እያለቀ ነውና ልጠይቅዎ፦ ወራሽነቱ ተከፍቷል? ውክልናውስ?

እውነት ትነገር (ዴንቨር)፦

ክርክሩ የሚቆመው ወንድሟ የት እንደተቀበረ ሲታወቅ ነው። እናትሽ የልጇን ገዳይ ይቅር ማለት መብቷ ነበር፤ አስከሬኑን የማወቅ መብት ግን ያንቺም ነው።

የካዛንቺስ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

የወራሽነቱን ማመልከቻ እህቴ ሰኞ ዕለት አስገብታለች። ውክልናውን ባለ ሰነዱ እንዳሉት ሥልጣኑን አንድ በአንድ አስጽፌ ከኤምባሲው አሠርቻለሁ፤ ዋናው ቅጂ ትናንት በመንገደኛ እጅ ሄዷል። ስለዚህ ለቤቱ ስል መሄድ አያስፈልገኝም።

ትናንት ማታ ለእህቴ ስደውል፣ ሽቦው አሁንም አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አለ አለችኝ። ከኛ ግድግዳ ያለው ጫፍ ዝጎ ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ነበርና፣ በየክረምቱ መውጫ እየቀጠለ የሚወጥረው እሱ ነው አለችኝ። እሷ እንዲያደርገው ጠይቃው አታውቅም።

ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ቅዳሜ ማታ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እነሣለሁ። ቢጫ ካርዱ ስላልደረሰልኝ በቪዛ ነው የምገባው። ሰውየውን ስለማነጋገሬ እስካሁን አልወሰንኩም፤ የዴንቨሩ ወንድሜ ያነሣውን ጥያቄ ግን በወረቀት ላይ ጽፌ ይዣለሁ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤቱ ልሂድ ወይስ ወደ ወረዳው?

ባለ ሰነዱ (አሌክሳንድሪያ)፦

ወደ ፍርድ ቤቱ። የልደት ማስረጃዎን፣ የእናትዎን የሞት ማስረጃና ያለዎትን የቆየ ሰነድ ሁሉ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ ከሚጫነው ዕቃ ጋር አያስገቡት። በሰላም ይግቡ።